ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ሃይማኖትን ሲጠብቁ የሚሠሩ ስህተቶች

በሳዑዲ ዓረቢያ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የለም። በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቢኖርም በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ቅዳሴ ለመድረስ የአሠሪዎቿን ፈቃድ ማግኘት አለባት፤ ይህ ደግሞ ለብዙዎች የሚገኝ ነገር አይደለም። ነቢዩ ዳንኤል ግን መቅደሱ ፈርሶ፣ በባቢሎን በስደት ሳለ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው የሚደክመው በርቀቱ ሳይሆን የጸና ሥርዓትና "እንዴት ነሽ?" ብሎ የሚጠይቅ አባት በማጣት ነው።

የገዳም ሥርዓት በአንድ ሌሊት መጀመር

ልብ የሚነካ ስብከት ተሰምቶ ሲያበቃ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት፣ ሙሉ ዳዊቱንና ስግደቱን በአንድ ላይ መጀመር የተለመደ ነው። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ሲከፈል የሰኞ ድርሻ ብቻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ ሴት ይህን ይዛ አትዘልቅም። ጥቂት ቀን ሄዶ ይቋረጣል፤ ከዚያ "ለእኔ አልተፈጠረም" የሚል ተስፋ መቁረጥ ይመጣል፤ ከመቋረጡም ይበልጥ የሚጎዳው ይኸው ነው።

በትንሹ ጀምሩ። ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያምና አንድ መዝሙር፤ ማታ ከመኝታ በፊት አንድ የወንጌል ምዕራፍ። አራቱ ወንጌላት በድምሩ 89 ምዕራፎች ስለሆኑ በሦስት ወር ይፈጸማሉ። ልብስ ሲተኮስ፣ ዕቃ ሲታጠብ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ"ን በጣት እየቆጠሩ 41 ጊዜ ማድረስ ይቻላል፤ ማንም አያውቅም። ሌላ የምትጨምሩት ይህ ሦስት ወር ሳይቋረጥ ሲሰነብት ነው። በጣም በደከማችሁ ቀን አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ይበቃል፤ ባዶ ቀን ግን አይኑር። (በመዝሙር ቁጥር ግራ አትጋቡ፤ የንስሐው መዝሙር በግዕዙ ዳዊት 50 ሲሆን በአንዳንድ የስልክ መጽሐፍ ቅዱሶች 51 ተብሎ ይገኛል።)

ስብከት ሰምቶ እንዳነበቡ መቁጠር

ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ ስብከት መስማት ያጽናናል፤ ማንበብን ግን አይተካም። ሰባኪው የጠቀሰውን ጥቅስ ማታ ገልጣችሁ ከላይና ከታች ያለውን አምስት አምስት ቁጥር አንብቡ። ሌላውን ሰባኪ በመዝለፍ ጊዜውን የሚፈጅ ከሆነ ዝጉት።

ጾምን ያለ ዝግጅት መያዝ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይጀምራል፤ ለ15 ቀን የሚቆየው የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ከፍ በሚልበት ወቅት ነው። በግንባታ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ያለ ውኃ ቢቆይ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለንስሐ አባት የሥራውን ዓይነትና ሰዓት በዝርዝር ነግሮ የሚጾምበትን ልክ መቀበል ነው፤ በራስ ፈቃድ መጨመርም መቀነስም አይገባም።

ወጥ የምትሠራ እኅት ሌላ ፈተና አለባት፤ የሥጋውን ጨው ካልቀመሰች ይበላሻል። ጾሙ ሳይገባ የየምግቡን ጨው በማንኪያ ለክታ ብትጽፍ መቅመስ አያስፈልጋትም። ዳቦና ብስኩት ላይ ደግሞ የዓረብኛውን ጽሑፍ አስነብቡ፤ ሐሊብ ወተት፣ ዙብዳ ቅቤ፣ በይድ እንቁላል ነው። ምስር፣ ፉልና ተምር አስቀድማችሁ ያዙ።

የዕረፍት ቀኑን እንደ እሑድ መቁጠር

በብዙ ቤት ዕረፍቱ ዓርብ ነው። አብሮ አደጎች ተሰብስበው ዶሮ ሲያቀርቡ የጾም ቀን መሆኑ ይረሳል። ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት ውጪ የዓርብ ማዕድ የጾም ይሁን፤ መሰባሰቡንም በአንድ ምዕራፍ ንባብና በጸሎት ጀምሩት።

ለማያውቁት "አባት" ገንዘብ መላክ

በቴሌግራምና በቲክቶክ ባሕታዊ ነኝ፣ ራእይ አይቼልሻለሁ እያለ የእኅቶችን ደመወዝ የሚሰበስብ አለ። የሚያገለግልበትን ደብርና ሀገረ ስብከት ጠይቁ፤ በአገር ቤት ያለ ዘመድ ሄዶ ያጣራ። ስም ካልሰጠ ወይም "ለማንም እንዳትነግሪ" ካለ ንግግሩን አቁሙ። እውነተኛ ባሕታዊም ቢሆን ያለ አባት አይኖርም፤ ታላቁ አባ እንጦንስ እንኳ ወደ በረሃ ከመዝለቁ በፊት ከመንደሩ አቅራቢያ ከነበሩ ሽማግሌ ተምሯል።

የንስሐ አባትን እስከ መመለሻ ቀን መተው

ምክርና መጽናኛ በስልክ ይገኛል፤ ቅዱስ ቁርባን ግን በስልክ የለም። በወር አንድ ጊዜ ደውሉ፤ የምትጠይቁትን አስቀድማችሁ ጻፉ። ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ዘመድ ጥየቃው ቀኑን ሁሉ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ቲኬቱ እንደተቆረጠ ለንስሐ አባት ቀኑን ተናገሩ፤ ኑዛዜውን በመጀመሪያው ሳምንት አድርጉ። የሚሰጣችሁን ቀኖና የምትፈጽሙበት ጊዜ ተርፎ፣ ከመቁረባችሁ በፊት የሚጾመውን 18 ሰዓት ጠብቃችሁ ከመመለሻ በረራው በፊት ትቆርባላችሁ።