መብራት ሲሄድ ላፕቶፓችሁ እንዲቆይላችሁ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሳይናገር ይሄዳል፣ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም። ቤት ሆናችሁ ላፕቶፕ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባትሪ በጣም ከሚበሉት ነገሮች አንዱ ስክሪኑ ነው። ቡና ላፍላ ብላችሁ ተነስታችሁ፣ ጎረቤት መጥቶ ወሬ ይዟችሁ፣ ማንም ሳያየው ቦግ ብሎ የሚቆየው ስክሪን ለሥራ የሚያስፈልጋችሁን ቻርጅ ነው የሚጨርሰው።

ዊንዶውስ 11 ከሆነ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የእንግሊዝኛውን I ፊደል አንድ ላይ ተጫኑ፣ ሴቲንግ ይከፈታል። ከዚያ ሲስተም፣ ቀጥሎ ፓወር ኤንድ ባተሪ ግቡ (ዊንዶውስ 10 ላይ ፓወር ኤንድ ስሊፕ ነው የሚለው)። ስክሪኑ በስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ በባትሪ ሲሆንና ቻርጀር ሲሰካ ለየብቻ መምረጥ ይቻላል። እኔ በባትሪ 2፣ ሲሰካ 15 ደቂቃ አድርጌዋለሁ።

በናታችሁ ግን የስክሪን መጥፋትንና ስሊፕን አታምታቱ። ስክሪኑ ብቻ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሥራውን ይቀጥላል፣ ማውሱን ነካ ስታደርጉት ይበራል። ስሊፕ ከገባ ግን ሥራው ይቆማል፣ ማታ ትልቅ ፋይል እያወረዳችሁ ከተኛችሁ ጠዋት ግማሽ ላይ ቆሞ ልታገኙት ትችላላችሁ። እንደዚያ ቀን ቻርጀሩን ሰክታችሁ ስሊፑን ብቻ ኔቨር (በፍጹም እንዳይገባ) አድርጉት፣ ስክሪኑ ይጥፋ። የባትሪውን ስሊፕ ግን አትንኩት።