የኮሌስትሮል ምርመራን እንዴት ማሠራትና ውጤቱን ማንበብ እንደሚቻል፦ ለወንድም ለሴትም

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ እስከ ስታዲየምና ካዛንቺስ ድረስ ባሉት ላቦራቶሪዎች የኮሌስትሮል ምርመራ ማሠራት የአንድ ጠዋት ጉዳይ ሆኗል። አስቸጋሪው ውጤቱን መረዳት ነው። ብዙ ሰው ወረቀቱን እንደተቀበለ ዓይኑን የሚጥለው «ጠቅላላ ኮሌስትሮል» በሚለው መስመር ላይ ነው፤ ቁጥሩ ከ200 በታች ከሆነ እፎይ ይላል፣ ካለፈ ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቅቤና ሥጋ እርም ነው ይላል። በእኔ አስተያየት ወንዶችን በከንቱ የሚያዘናጋው፣ ሴቶችን ደግሞ አንዳንዴ ያለ ምክንያት የሚያስጨንቀው ይህ አነባበብ ነው።

ምን እንደሚታዘዝ

«ሊፒድ ፕሮፋይል» እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። ይህ ምርመራ አራት ነገሮችን ይይዛል፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል («መጥፎው» የሚባለው ኮሌስትሮል)፣ ኤችዲኤል («ጥሩው» የሚባለው) እና ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ የሚገኝ ሌላ የስብ ዓይነት)። ለመቆጠብ ሲባል ጠቅላላውን ብቻ ማሠራት ገንዘቡን ማባከን ነው እላለሁ። ደም ከተቀዳ አይቀር የስኳር ምርመራም አብሮ ይሠራ፤ የደም ግፊትም በዚያው ይለካ፤ ሁለቱም በኋላ ያስፈልጋሉ።

ቀኑን መምረጥ

ይህ እርከን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በእኛ ከተማ ብዙ ውጤት የሚዛባው እዚህ ላይ ነው። 55 ቀን የሁዳዴን ጾም የጾመ ሰው በሰሙነ ሕማማት ቢመረመር፣ ለሳምንታት ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ ስላልቀመሰ ኤልዲኤሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ያው ሰው ፋሲካን አክብሮ፣ ዶሮውንም ክትፎውንም በልቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢመለስ ቁጥሩ ሌላ ይሆንበታል። ሁለቱም ውጤቶች እውነት ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ግን አንዱም ብቻውን አይወክልም። ስለዚህ ዘወትር እንደሚበሉት በሚበሉበት ወቅት ይመርመሩ፤ ካልተቻለ በወረቀቱ ጥግ ላይ «በጾም ወቅት የተሠራ» ብለው በእስክሪብቶ ይጻፉ። ሐኪሙ ይህን በራሱ ላያስታውስ ይችላል፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ እርስዎም ይረሱታል።

ጉንፋንም ሆነ ሌላ ከባድ ሕመም ኮሌስትሮልን ለጊዜው ዝቅ ያደርገዋልና ካገገሙ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ይቆዩ። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ኮሌስትሮልም ትራይግሊሰራይድም በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል፣ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ማለፍ አለበት። በዋዜማው መጠጥ የጠጣ ሰው ደግሞ የሚያገኘው የትራይግሊሰራይድ ቁጥር የመጠጡ ውጤት ጭምር ነው።

ባዶ ሆድ

ከ9 እስከ 12 ሰዓት ከምግብ መታቀብ በቂ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ እራት በልቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ የደረሰ ሰው 12 ሰዓት ሞልቷል። ውኃ ይፈቀዳል፤ ስኳር ያለው ሻይ፣ ማኪያቶና ማስቲካ አይፈቀድም። በዛሬው የሕክምና አሠራር ለመጀመሪያ ምርመራ ባዶ ሆድ የግድ አይደለም፤ ምግብ በዋናነት የሚያዛባው ትራይግሊሰራይድን ነው። ሆኖም የእኛ ላቦራቶሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ሆድ ስለሚጠይቁ፣ ቀጥሎ ከሚሠራው ጋር ለማነጻጸር እንዲመች እንዲሁ ማድረጉ ይሻላል።

ወረቀቱን ማንበብ

ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን ይመልከቱ። አብዛኛው ላቦራቶሪ ሚሊ ግራም በዴሲሊትር ይጠቀማል፤ አንዳንዱ ግን ሚሊሞል በሊትር ይጽፋል። «ኮሌስትሮሌ አምስት ነጥብ ሁለት ብቻ ነው» ብሎ የሚደሰት ሰው ቁጥሩን በ38.67 ቢያባዛው 200 ገደማ መሆኑን ያያል። ለትራይግሊሰራይድ የሚባዛው በ88.57 ነው።

በሚሊ ግራም ሲነበብ ኤልዲኤል ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከ160 ጀምሮ ከፍተኛ፣ ከ190 ጀምሮ እጅግ ከፍተኛ ይባላል። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች መሆን አለበት፤ 500 ከደረሰ ከልብ ይልቅ በቅድሚያ ቆሽትን ያሰጋል። ኤችዲኤል ላይ ሲደረስ የወንድና የሴት መስመር ይለያያል፦ ለወንድ ከ40 በታች፣ ለሴት ከ50 በታች ዝቅተኛ ነው። አንዳንድ ወረቀት ለሁለቱም አንድ መስመር ብቻ ያትማል፤ በዚያ ወረቀት ላይ 44 የሆነባት ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ትሄዳለች።

አሁን አንድ ቀን የተመረመሩ ባልና ሚስትን እናስብ። የሚስት ውጤት ጠቅላላ 228፣ ኤችዲኤል 74፣ ትራይግሊሰራይድ 90 ነው። የባል ጠቅላላ 188፣ ኤችዲኤል 31፣ ትራይግሊሰራይድ 245 ነው። ከሚስት ጠቅላላ ቁጥር ጎን የኮከብ ምልክት ታትሟል፤ ከባል ጠቅላላ ቁጥር ጎን ምንም የለም። ቤት ሲደርሱ እሷ ትጨነቃለች፣ እሱ ቁርጥ ይጋብዛል።

ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ። የሚስት 228 ሲቀነስ 74፣ 154 ይሆናል፤ የባል 188 ሲቀነስ 31፣ 157 ይሆናል። የደም ሥርን ግድግዳ የሚያጠብበው ስብ ጠቅልሎ የሚገኘው በዚህ ቀሪ ቁጥር ውስጥ ነው፤ ሁለቱም እኩል ተሸክመውታል ማለት ነው። የሚስት ጠቅላላ ቁጥር ከፍ ያለው ኤችዲኤሏ ብዙ ስለሆነ ነው። የባል ጠቅላላ ዝቅ ያለው ደግሞ ኤችዲኤሉ ስላነሰ ነው፤ ከፍተኛ ትራይግሊሰራይድና ዝቅተኛ ኤችዲኤል አንድ ላይ መገኘታቸውም ብዙ ጊዜ ከቦርጭና ወደ ስኳር ሕመም ከሚያመራ ሁኔታ ጋር ይያያዛል። ይህች የመቀነስ ስሌት ባዶ ሆድም አትፈልግም፤ ከወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብባል እሷን እመርጣለሁ።

ኤልዲኤል ራሱ ብዙ ጊዜ የሚለካ ሳይሆን የሚሰላ ነው፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። ከ1972 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ይህ ቀመር ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ አይሠራም፤ ያኔ በቀጥታ እንዲለካ ይጠየቃል። በቀመሩ የሚስት ኤልዲኤል 136፣ የባል 108 ነው። እዚህም ላይ ባል የተሻለ ይመስላል፤ የመጀመሪያውን ስሌት ያስቀደምኩትም ለዚሁ ነው።

በሌላ በኩል «ኤችዲኤሌ ብዙ ስለሆነ ምንም አልሆንም» ማለት አይገባም። ኤችዲኤልን ከፍ እንዲያደርጉ የተሠሩ መድኃኒቶች ቁጥሩን ቢያሳድጉም ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንደተጠበቀው አልቀነሱም።

ሐኪሙ ባይጠይቅም የሚነገር

ሴቶች በልብ ደም ሥር በሽታ የሚያዙት በአማካይ ከወንዶች ከ7 እስከ 10 ዓመት ዘግይተው ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ ግን ኤልዲኤል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በ45 ዓመት የተሠራ ጥሩ ውጤት ለ55 ዓመት ማስረጃ አይሆንም። የስኳር ሕመም ደግሞ ይህን የዓመታት ብልጫ በእጅጉ ያጠብበዋል። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ወይም ስኳር ታይቶባት የነበረች፣ ወይም 40 ዓመት ሳይሞላት ያረጠች ሴት ይህን ለሐኪሙ ራሷ ትንገር፤ ልጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም የዚያን ጊዜው ታሪክ ዛሬም ከስጋቱ ጋር ይቆጠራል። ወንድም ሆነ ሴት፣ አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት ዕድሜ በፊት በልብ በሽታ ከተያዙ ይህም ይነገር።

የደረት ሕመም በሁለቱም ፆታ ዋነኛው ምልክት ነው። ሴቶች ላይ ግን የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የመንጋጋና የጀርባ ሕመም፣ ያልተለመደ ድካም አብሮ የሚታይበት ጊዜ ይበዛል፤ በእኛ ቤት ደግሞ ይህ ሁሉ «ጨጓራዬ ነው» ወይም «ብርድ መቶኝ ነው» ተብሎ በዳማከሴ ይታለፋል። እንዲህ ያለው ስሜት ድንገት ሲመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ወደ ላቦራቶሪ አይኬድም።

ስጋቱን ማስላት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለ21 የዓለም ክፍሎች ያዘጋጀው የስጋት ሰንጠረዥ አለ፤ ለኢትዮጵያ የሚያገለግለው የምሥራቅ አፍሪካው ነው። ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሰዎች ፆታን፣ ዕድሜን፣ ማጨስን፣ የላይኛውን የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምንና ጠቅላላ ኮሌስትሮልን አገናኝቶ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የመያዝን ዕድል በመቶኛ ያሳያል። ሰንጠረዡ የሚጠቀመው ሚሊሞልን ስለሆነ የወረቀትዎን ቁጥር በ38.67 ማካፈል አይርሱ። ኤችዲኤልን ስለማይጠይቅ ከላይ ያየናትን ሚስት ከባሏ ከፍ ባለው የኮሌስትሮል ዓምድ ውስጥ ያስገባታል፤ ይህን ጉድለት የሚያርመው ሐኪም ነው። ቀድሞ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው፣ እንዲሁም ኤልዲኤሉ 190 የደረሰ ሰው ሰንጠረዥ አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የታይሮይድ ምርመራ ይሠራ፤ በተለይ ሴቶች ላይ የዚህ ዕጢ መድከም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ ታይሮይዱ ሲታከምም ኮሌስትሮሉ ይወርዳል።

ከምግብ በኩል ኤልዲኤልን የሚያወርደው የረጋ ስብን መቀነስ ነው። «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ጽሑፍ ያለበት የዘይት ጀሪካን አያታልልዎ፤ ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም። ጥያቄው ስቡ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የኮሌስትሮልን መጠን የሚጨምረው ስብ ሲሆን፣ የኑግና የሱፍ ዘይት በዚህ በኩል እጅግ ይሻላሉ። የጀበና ቡናም በወረቀት ስለማይጣራ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ካፌስቶል የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ይቀዳል፤ ቡና ተዉ አልልም፣ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ግን ከአቦል እስከ በረካ ሁሉንም ባይጠጣ ደግ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ መድኃኒትን አይተኩም። እንደ ባልየው ያለውን ውጤት የሚያሻሽለው ደግሞ ስኳርና መጠጥ መቀነስ፣ ክብደት ማውረድና በየማለዳው መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ እንደሚታዩት ሰዎች መንቀሳቀስ ነው።

አቶርቫስታቲን ወይም ሮሱቫስታቲን የሚባል ኮሌስትሮል ማውረጃ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ድጋሚ ይመረመራል፤ ቢቻል በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው ዓይነት ዝግጅት። ቁጥሩ የወረደው በመድኃኒቱ ነውና «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ይህን መድኃኒት ከመቀጠሏ በፊት ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር።