ትከሻችሁ ታሞ ከጎልፍ ከራቃችሁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጎልፍ የማይጫወት ሰው "ደግሞ ጎልፍ ምን ይጎዳል?" ይላል። ትከሻው የታመመ ግን ያውቀዋል። ከመኪናው የኋላ ወንበር ቦርሳ ሊያነሳ ሲዘረጋ ያውቀዋል፤ ሌሊት በዚያ ጎኑ ሲገላበጥም ያውቀዋል። እኔ በግራ ትከሻዬ ምክንያት አምስት ወር ዱላ አልያዝኩም። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ስለሠራኋቸው ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው "ሲሞቅ ይለቀኛል" እያሉ መጫወት ነው። በቀኝ የሚጫወት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግራ ትከሻውን ነው። ዱላውን ወደ ኋላ ስትወስዱ ግራ ክንዳችሁ ደረታችሁን አቋርጦ ያልፋል፣ ትከሻ አናት ላይ ያለው መጋጠሚያም ይጨመቃል፤ ይህን በአንድ ልምምድ መቶ ጊዜ ስትደጋግሙት አስቡት። ህመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ወይም ክንዳችሁ አልነሳ ካለ አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። (የግራ ትከሻ ህመም ደረት ከማፈን፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን የልብ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።)

ለእኛ ሰው ትልቁ ስህተት ግን ወጌሻ ጋ መሮጥ ይመስለኛል። አዲስ አበባም ሁኑ ሜሪላንድ፣ ትከሻዬን አመመኝ ስትሉ "አንድ ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ" የሚላችሁ አይጠፋም። ወጌሻን ንቄ አይደለም፤ የዛለ ጡንቻ ሲታሽ ደስ ይላል። ነገር ግን የክንድን አጥንት ከትከሻ ጋር አጣብቀው የሚያዞሩት አራት ጡንቻዎች ናቸው። የእነሱ ጅማት መቀደድ አለመቀደዱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንጂ በዳሰሳ ብቻ አይለይም። የተቀደደ ጅማት ደግሞ ቢጎትቱት ይብስበታል እንጂ አይገጥምም። እኔ ታሽቼ፣ ተጎትቼ፣ "አሁን ገባ" ተብዬ ወጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት ፀጉሬን ላበጥር ክንዴን ባነሳ ከጆሮዬ በላይ አልሄድ አለኝ። ሐኪም ጋ መሄድ ማለት ደግሞ ቀዶ ጥገና ማለት አይደለም፤ ብዙ ትከሻ በፊዚዮቴራፒ ይድናል።

ሌላው፣ ክንድን አቅፎ መቀመጥ ነው። ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ይደርቃል፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 60 በሆኑና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ። አንዴ ከደረቀ እስኪፍታታ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ቀዶ ጥገና ካልተደረገላችሁና ሐኪሙ ካልከለከላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ክንዳችሁን ልቀቁትና ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት።

የኮርቲዞን መርፌ ተወግቶ ሜዳ መሮጥም አለ። መርፌው ህመሙን ያስታግሳል፣ ጅማቱን ግን አይጠግንም፤ ሲደጋገም እንዲያውም ያዳክመዋል።

በመጨረሻም የመመለሻው ችኮላ። አውስትራሊያዊው ጎልፈኛ ግሬግ ኖርማን በ1998 እ.ኤ.አ. ትከሻውን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት አብዛኛው የውድድር ዘመን አመለጠው። በቀጣዩ ዓመት ግን በ44 ዓመቱ ከጎልፍ ትልልቅ ውድድሮች አንዱ በሆነው ማስተርስ ላይ 3ኛ ወጣ። እኛ ህመሙ በጠፋ ሳምንት ድራይቨር (ኳስን ሩቅ የሚልከውን ረጅም ዱላ) ይዘን እንቆማለን! የተሰፋ ጅማት ሙሉ ምት ለመቻል ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል። በፓተር (ኳስን ወደ ጉድጓዱ በሚገፋው ዱላ) ጀምሩ፣ ቀጥሎ አጫጭር ምቶች፣ ከዚያ ዌጅ (የአጭር ርቀት ዱላ) በግማሽ ምት፣ ከዚያ አይረን (የመካከለኛ ርቀት ዱላ)፤ ድራይቨር የመጨረሻው ይሁን። መጀመሪያ ሃያ ኳስ ብቻ ምቱና በማግሥቱ እረፉ። ትከሻችሁ መልሱን የሚሰጣችሁ ሜዳው ላይ ሳይሆን በማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ካመማችሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሣር ካገኛችሁ ደግሞ ሣር ላይ ምቱ፤ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ እያንዳንዱን ንዝረት ወደ ትከሻ ይልከዋል።