ክራሩ መሃል ላይ ድምፁ ሲቆራረጥ

ቤት ውስጥ ክራር ስንቀዳ ድምፁ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ኬብል ቀየርኩ፣ ማይክ ቀየርኩ፣ ደርዳሪውን አስነስቼ ወንበር ሳይቀር ቀየርኩ። መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ ግን መቼ መቼ እንደሚቆራረጥ ነበር።

ኢፌክት ሲበዛ የሚቆራረጥ ከሆነ

ኢፌክቶቹን ሁሉ አጥፍታችሁ አጫውቱት። ከጠራ ነገሩ የባፈር ነው። ባፈር ኮምፒውተሩ ድምፁን እያጠራቀመ የሚሠራበት ቋት ነው። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ስትቀዱ ባፈሩን 64 ሳምፕል ካደረጋችሁት ለእያንዳንዱ ዙር ያለው ጊዜ 1.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሪቨርቡን (የማስተጋባት ኢፌክቱን) በዚያ ጊዜ ካላደረሰ ድምፁ ይበጠሳል። 512 ላይ 10.7 ሚሊሰከንድ ያገኛል። ታዲያ ለምን ሁሌም 512 አናደርገውም? ደርዳሪው የራሱን ምት በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ይሰማላ! እኔ ስቀዳ 128፣ ሚክስ ሳደርግ (የተቀዱትን ትራኮች ሳዋህድ) 1024 አደርገዋለሁ። ሳውንድ ካርዱ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ ካለው ግን ተገላገላችሁ፦ ደርዳሪው ድምፁን በቀጥታ ከካርዱ ስለሚሰማ ባፈሩ ቢበዛም ግድ የለም።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የካርዱን የራሱን አሲዮ (ASIO) ድራይቨር ጫኑ፤ ድምፁ ሳይዘገይ በካርዱና በፕሮግራሙ መካከል እንዲያልፍ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

አንድ ትራክ ብቻ ተከፍቶም አልፎ አልፎ ቀጭ የሚል ከሆነ

የእኔ ጣጣ ይኼ ነበር። ዋይፋዩን ሳጠፋው ጸጥ አለ። የዋይፋይ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ለአፍታ ይዞት ከቆየ ድምፁ ተራ ይጠብቃል። ሌተንሲሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ጥፋተኛውን ድራይቨር በስሙ ያሳያችኋል። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ሥሩ፤ የኃይል ቁጠባውንም አጥፉ።

ሳውንድ ካርዱ ድንገት ከጠፋ

ሃብ ላይ ከሰካችሁት ነቅላችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። ኮምፒውተሩ ኃይል ልቆጥብ ብሎ ዩኤስቢውን አስተኝቶትም ሊሆን ይችላል።

ፕሮግራሙ ራሱ ከተዘጋ

ባዶ ፕሮጀክት ክፈቱ። ካልተዘጋ ፕለጊን (ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ኢፌክት ወይም መሣሪያ) ጠርጥሩ፤ ከጓደኛ በፍላሽ የመጣ ክራክ ካለማ ከሱ ጀምሩ። ግማሾቹን ፕለጊኖች ከፎልደራቸው አውጥታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ የቀሩትን እንደገና በግማሽ። አሰልቺ ነው፤ ግን ጥፋተኛው ይያዛል።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ ከጠፋ

ማቀዝቀዣው በአቧራ ታፍኖ እንደሆነ እዩት። የጠፋው መብራት ሄዶ ከሆነ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ። እስከዚያው በየትራኩ መጨረሻ ሴቭ።