አልከፈት ያለ የዱቤ መዝገብ

ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ የግንባታ ዕቃ ሱቅ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የዱቤ መዝገብ ሠርቼ ነበር። ፕሮግራሙ የባለዕዳዎቹን ዝርዝር በሲሪያላይዜሽን (ፕሮግራሙ የያዘውን መረጃ ወደ ባይት በመቀየር) አንድ ፋይል ላይ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ሲከፈት መልሶ ያነበዋል። አንድ ቀን ደሴ ፒያሳ ቆሜ የሱቁ ባለቤት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መዝገቡ ባዶ ሆነ፤ የሰው ዕዳ የት ገባ?»

«አብሽሩ፣ ብቻ ምንም እንዳይነካ» አልኳቸው። ዕዳው ፋይሉ ውስጥ እንዳለ ነበር። ባዶ ዝርዝር እየታየ «አስቀምጥ» የሚለው ከተጫነ ግን ያን ጊዜ በእርግጥ ይጠፋል። ስለዚህ እናንተም እንዲህ ከገጠማችሁ አስቀድማችሁ ፕሮግራሙን ዝጉና ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ቀጣዩ እርምጃ በሚታየው የስሕተት መልእክት ይወሰናል።

ፕሮግራሙ ከተሻሻለ በኋላ «ኢንቫሊድ ክላስ ኤክሴፕሽን» ካለ

እኔን የገጠመኝ ይህ ነው። በዋዜማው «ደንበኛ» የሚለው ክላስ (የደንበኛ መረጃ ምን ምን እንደሚይዝ የሚወስነው የኮድ ክፍል) ላይ የስልክ ቁጥር መስክ ጨምሬ ነበር። ሲሪያል ቨርዥን ዩአይዲ የተባለውን የክላሱን ስሪት መለያ ቁጥር ራሳችን ካልጻፍን ጃቫ ከክላሱ ስም፣ ከመስኮቹና ከሜተዶቹ ያሰላዋል። መስክ ሲጨመር ቁጥሩ ይለወጣል፤ ፋይሉ ግን የድሮውን እንደያዘ ነው።

የስሕተት መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች አሉት፤ የመጀመሪያው የፋይሉ፣ ሁለተኛው የአሁኑ ክላስ ነው። የመጀመሪያውን፣ የመቀነስ ምልክት ካለው ከነምልክቱ፣ ክላሱ ላይ ሲሪያል ቨርዥን ዩአይዲ በሚለው ስም ስታቲክ ፋይናል ሎንግ አድርጋችሁ ጻፉት። መዝገቡ ይከፈታል። የድሮ ደንበኞች ስልክ ነል (ባዶ) ሆኖ ስለሚመጣ ከመታየቱ በፊት መፈተሽ አለበት። የዕዳውን መስክ ከኢንት (ሙሉ ቁጥር) ወደ ደብል (ባለ ነጥብ ቁጥር) ለውጣችሁ ከሆነ ግን ቁጥሩ ቢገጥምም አይነበብም፤ በድሮው ክላስ ከፍቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ያስፈልጋል። የሰው ገንዘብ የሚመዘግብ ክላስ ያለዚህ ቁጥር ከእጃችን ሊወጣ አይገባም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ተነቦ ቀጣዩ «ኢንቫሊድ ታይፕ ኮድ፦ ኤሲ» ካለ

ፋይሉ በየቀኑ በአፔንድ (ከነበረው ጫፍ በመቀጠል) እየተከፈተ ተጽፎበታል ማለት ነው። መረጃውን ወደ ፋይሉ የሚጽፈው ኦብጀክት አውትፑት ስትሪም በተከፈተ ቁጥር ኤሲ ኢዲ 00 05 የሚሉ አራት ባይቶችን በመግቢያነት ይጽፋል፤ አንባቢው እነዚህን መሐል ላይ ሲያገኝ ይቆማል። ቅጂውን በሄክስ አርታዒ (ባይቶቹን በቀጥታ በሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍታችሁ አራቱ ባይቶች በሚጀምሩበት ሁሉ ቁረጡትና ቁራጮቹን ለየብቻ አንብቡ። ከዚያ ወዲያ ሙሉውን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ጻፉ።

«ኢኦኤፍ ኤክሴፕሽን»፣ ፋይሉም ዜሮ ባይት ከሆነ

መብራት በሚጻፍበት ቅጽበት ሄዷል። ፋይሉ ለመጻፍ ሲከፈት የድሮው ይዘት ወዲያው ይደመሰሳል፤ ስለዚህ አሮጌውም አዲሱም የለም፤ ያለው ተስፋ ከብልሽቱ በፊት ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ቅጂ ካለ እሱ ብቻ ነው። ለወደፊቱ እዚያው ፎልደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፋችሁ ዝጉት፤ ከዚያ በፋይልስ ሙቭ፣ አቶሚክ ሙቭ (በአንድ ጊዜ መተካት) በሚለው ምርጫ፣ በድሮው ቦታ ተኩት።

ማስቀመጡ ራሱ «ኖት ሲሪያላይዘብል ኤክሴፕሽን» ካለ

መልእክቱ የክላሱን ስም ይነግራችኋል። የራሳችሁ መረጃ ከሆነ ሲሪያላይዘብልን («ሊቀመጥ ይችላል» የሚል ምልክት) ጨምሩለት፤ የስክሪን መስኮት ወይም የዳታቤዝ ግንኙነት ከሆነ መስኩን ትራንዚየንት («አይቀመጥ» የሚል ምልክት) በሉት።