አዳራሹ ሞልቶ ፔቲሽኑ ጎደለ፦ በዲሲ የካውንስል ውድድር ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ደወለልኝ። ዋርዱን (ከከተማው ስምንት የምርጫ ክልሎች አንዱን) ወክሎ ለካውንስል፣ ማለትም ለከተማው ምክር ቤት፣ ሊወዳደር ቆርጧል። ለመወዳደር ደግሞ ፔቲሽን በሚባለው ወረቀት ላይ የመራጮች ፊርማ መሰብሰብ አለበት። «ፊርማው አያሳስብም ጋሼ፣ አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እኔ እጩ ሆኜ አላውቅም። በር ያንኳኳሁ፣ ፊርማ የቆጠርኩ፣ ማታ ማታ ለበጎ ፈቃደኞች ሻይ ያፈላሁ ሰው ነኝ። የምጽፈው ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም ወሩም የፈረንጆቹ ነው።

አዳራሹን እንደ ዋርድ መቁጠር

ይህን ስህተት መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው የሠራሁበት ዘመቻ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ በአንድ ቀን 310 ፊርማ ሰበሰብኩ። ሰው ተሰልፎ ነው የፈረመልኝ። እናቶች መረቁኝ። ቢሮ ስገባ እልል ተባለልኝ። ከዚያ ሥራውን የለመደች አንዲት ልጅ የመራጮችን መዝገብና ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። እኩለ ሌሊት ላይ የሚያገለግል 41 ብቻ ቀርቶ ነበር።

የጎደሉት የት ሄዱ? ግማሹ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው የሚያድረው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ማለት ነው፤ እኛ «ዲሲ» ብለን የምንጠራው ግን ሦስቱንም ጠቅልለን ነው። ሌላው ዲሲ ውስጥ ይኖራል፣ ዋርዱ ግን ሌላ ነው። ሌላው ከአምስት ዓመት በፊት ከለቀቀው አፓርታማ አድራሻውን አልቀየረም። ሌላው ዜጋ ሆኗል እንጂ ተመዝግቦ አያውቅም። አንድ አባት ደግሞ የራሳቸውንም፣ የባለቤታቸውንም፣ ሥራ ላይ ያለውን የልጃቸውንም ፈርመውልኛል፤ በደግነት።

ለአንድ ዋርድ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበት) ወረቀት ላይ ለመግባት የሚጠየቀው 250 ፊርማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ፈራሚው የተመዘገበ መራጭ፣ በዚያው ዋርድ ነዋሪ፣ በዚያው ፓርቲ የተመዘገበ መሆን አለበት። ሦስተኛው ብዙዎቻችንን ይጥለናል፤ «ፓርቲ ውስጥ አልገባም» ማለት ከአገር ቤት ያመጣነው ጥንቃቄ ነውና ስንመዘገብ «ፓርቲ የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት እናደርጋለን። እንደዚያ ያደረገ ሰው ፊርማው ለፓርቲው ፔቲሽን አይሆንም፤ ከተማው ግን አብላጫው ዴሞክራት ስለሆነ እውነተኛው ውድድር የሚያልቀው ሰኔ ላይ በዚያው ቅድመ ምርጫ ነው። ፔቲሽኑ ከገባ በኋላ ደግሞ ፊርማዎቹን መቃወሚያ 10 ቀን አለ። ተቀናቃኝህ ያንን ቀይ እስክሪብቶ ከዚያች ልጅ የባሰ አድርጎ ይይዘዋል።

ስለዚህ እስክሪብቶውን ከመስጠትህ በፊት ጠይቅ፦ «እትዬ፣ የሚያድሩት የት ነው? በዚያ አድራሻ ተመዝግበዋል? በየትኛው ፓርቲ?» ሰው ቅር ይለዋል ብለህ አትፍራ። የማይሆነውን ሰው አመስግነህ «ዘመድ ዋርዱ ውስጥ አለዎት?» ብለህ ስልክ ተቀበል። የቀኑን ፊርማ በዚያው ማታ ከመዝገቡ ጋር አመሳክር እንጂ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆየው። ከ500 በታች ይዞ ሊያስገባ የሚመጣ ሰው ካየሁ ደግሞ እኔ ራሴ በሩን እዘጋበታለሁ።

ያ ወጣት እዚህ ድረስ ካነበበ ይበቃዋል። ለሌሎቻችሁ ልቀጥል።

መዋጮን እንደ ዕቁብ መሰብሰብ

አንድ ትልቅ ሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ከአሥር ጓደኞቻቸው ሃምሳ ሃምሳ ዶላር አሰባስበው በራሳቸው ስም የ500 ዶላር ቼክ ጽፈው አመጡልን። ዕቁብ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ለእሳቸው የታመነ ሰው ገንዘብ መያዙ ነውር የለበትም። እዚህ ግን በሌላ ሰው ስም መስጠት ሕገ ወጥ ነው። ቼኩን መመለስ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱ ነበር። «አላመናችሁኝም ማለት ነው» ብለው አንድ ዓመት ሰላም አላሉኝም።

የከተማው የፌር ኤሌክሽንስ ፕሮግራም፣ በ2018 ሕግ ሆኖ በ2020 ሥራ ላይ የዋለው፣ ለትንሽ ሰው የተሠራ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ለገባ የዋርድ እጩ አንድ ሰው ከ50 ዶላር በላይ አይሰጥም፤ ሰጪው የዲሲ ነዋሪ ከሆነ ግን ከተማው አምስት እጥፍ ይጨምርበታል። የአንድ ታክሲ ነጂ ሃምሳ ዶላር 300 ዶላር ሆነ ማለት ነው። የቨርጂኒያው ወንድምህ ገንዘብ አይባዛም፤ የምግብ ቤቱ የድርጅት ቼክ ከናካቴው አይገባም። እያንዳንዱ ሰጪ በስሙ፣ በአድራሻው፣ በራሱ እጅ ይስጥ። በቃ።

ግሪን ካርድ ያለውን ሰው መገፋፋት

ዲሲ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ ብቻ እንዲመርጡ ፈቅዷል። እውነት ነው። ነገር ግን ቅጽ ሲሞሉ በስህተት «ዜጋ ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው የዜግነት ማመልከቻው ሊበላሽ፣ ከዚያም የከፋ ሊመጣበት ይችላል። ለአንድ ድምፅ ብለህ የሰው ኑሮ ላይ አትጫወት። «ጠበቃህን ጠይቅ» በለውና እለፍ።

ቄሱን ማስጨነቅ

ከዐውደ ምሕረት «እገሌን ምረጡ» እንዲሉልህ አትጠይቅ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከግብር ነጻ ነውና ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል። መስጊዱም እንዲሁ። ደጁ ላይ ቆመህ ሰላምታ መስጠት ግን ማንም አይከለክልህም።

ትርጉሙን ለስልክ መስጠት

በመላው ከተማ ለሚመረጠው ወንበር የተወዳደረ አንድ እጩ በራሪ ወረቀቱን በስልክ አስተረጎመ። እንግሊዝኛው «አት ላርጅ» ይላል፤ ያው ቃል ፖሊስ ለሚፈልገው ሰውም ይውላል። ወረቀቱ «ያልተያዘው እጩ» ብሎ ታተመ። አንዲት እናት «ምን አድርጎ ነው የሚሸሸው?» ብለው ጠየቁኝ። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለው፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚሠሩባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ መራጩ ደህና አማርኛ ማየት ለምዷል። ከመታተሙ በፊት ሁለት ሰው ያንብበው፤ አንዷ የአንተ እናት ብትሆን ጥሩ ነው።

የአገር ቤትን ክርክር ዋርድ ውስጥ ማስገባት

ካውንስሉ 13 ሰው ነው፤ ስምንቱ የዋርዶቹ፣ አራቱ የመላው ከተማ፣ አንዱ ሊቀመንበሩ። አንዳቸውም አምባሳደር አይሾሙም። አንዱን እጩ አንድ የስብሰባ ምሽት ሙሉ «በአገር ቤቱ ጉዳይ የማን ወገን ነህ?» እያልን ስንወጥረው ቆይተን፣ ስለ ኪራይና ስለ መኪና ማቆሚያ ሳንጠይቀው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወደ እኛ ስብሰባ አልመጣም። አልፈርድበትም።

ኤኤንሲን መናቅ

የሰፈር ኮሚሽን ነው። ከተማው እያንዳንዳቸው አንድ ኮሚሽነር የሚመርጡ 345 ትናንሽ ቀበሌዎች አሉት፤ አንዱ ወደ 2,000 ሰው ይይዛል። ደመወዝ የለውም፣ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው፣ ለመወዳደር 25 ፊርማ ይበቃል። ሰዎቻችን «ያለ ደመወዝማ ምን ሥራ ነው!» ብለው ያልፉታል። ግን ምግብ ቤትህ የመጠጥ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ሙዚቃው እስከ ስንት ሰዓት ይሁን ሲባል፣ የከተማው መሥሪያ ቤት ለዚህ ኮሚሽን አስተያየት ትልቅ ክብደት እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል።

ጎረቤትን መናቅም ያው ነው። በ2005 ገደማ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ያሉ የእኛ ነጋዴዎች ቦታው «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጠየቁ። ሎስ አንጀለስ በ2002 ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሰጥታ ነበር፣ ዲሲ ለምን አትሰጥም? ጎዳናው ያለበት የሾው ሰፈር ጥቁር አሜሪካውያን ግን ተቃወሙ። እዚያው ያለው ዩ ስትሪት የእነሱ «ብላክ ብሮድዌይ»፣ የጥቁሮች የሙዚቃና የቴአትር ጎዳና፣ ነበር፤ የጃዙ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚያ ሰፈር ነው። የእኛ ሰዎች ተከፉ። እኔ ግን ዛሬም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወደ ባለሥልጣን ከመሄድ በፊት ጎረቤቱን ቡና ጠርቶ ማማከር ይህን ያህል ከባድ ነበር? ይህን የምናውቀው እኛ አልነበርንም?

ሦስቱን ደቂቃ በሰላምታ መጨረስ

ካውንስሉ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ችሎት ሲጠራ ማንም ተመዝግቦ መናገር ይችላል። ለግለሰብ በተለምዶ ሦስት ደቂቃ ነው። አንድ የተማሩ፣ አንደበተ ርቱዕ ጋሼ ካውንስሉ በሚሰበሰብበት ዊልሰን ህንፃ ውስጥ ተነሡ። ሊቀመንበሩን አመሰገኑ፣ አባላቱን በየስማቸው አመሰገኑ፣ ስለ ሦስት ሺህ ዓመት ታሪካችን ጀመሩ። አክሱም ላይ እንደደረሱ ሰዓቱ ጮኸ። የመጡት ስለ አረጋውያን መኖሪያ ሊናገሩ ነበር።

መጀመሪያ የምትፈልገውን ተናገር፤ የትኛው መሥሪያ ቤት፣ ስንት ገንዘብ፣ ለምን። ከዚያ የአንድ ሰው ታሪክ። የተረፈውን በጽሑፍ አስገባ። ጊዜውንም እወቅ፤ የበጀቱ ችሎት የሚካሄደው በፈረንጆቹ ፀደይ ነው፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ካውንስሉ እረፍት ላይ ነው፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ጥቅምት 1 ይጀምራል። እኛ ግን ልማዳችን ሆኖ መስከረም መጨረሻ ላይ በጀት ልንጠይቅ እንመጣለን።

በር ስታንኳኳ ቡና መግባት

ማታ የሚነዳ ሰው ጠዋት ይተኛል፤ ሦስት ሰዓት ላይ አታንኳኳ። ሐበሻ ቤት ከገባህ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለህ አንድ ምሽት ሙሉ በአንድ በር ታልፋለህ። «ሌላ ቀን እመጣለሁ» በል ይባላል። እኔ ተናግሬው አላውቅም።

ፖስተሩን መርሳት

ከምርጫው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ከመብራት ምሰሶው ላይ መነሳት አለበት። የእኛ እጩ ከተሸነፈ በኋላ አንዱን ማዕዘን ረስቼ ሁለት ክረምት ቆየ። ፊቱ በፀሐይ ነጥቶ ጢሙ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ባለፈ ባገደመ ቁጥር ፎቶ እያነሳ ይልክልኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ መሰላል ተውሼ ሄጄ ቆረጥኩት።