መምህራን ከአለንጋ ወደ እርቅ እንዲሻገሩ እንዴት እንደግፋቸው?

ርዕሰ መምህር ወይም ዩኒት ሊደር ከሆኑ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል። መምህራንም ይህን ያውቃሉ። ግን 60 ልጅ ፊት የቆመ መምህር "አትምታ" ብቻ ከተባለ ምን ያድርግ? በአለንጋው ፋንታ የሚይዘውን ነገር መስጠት የእኛ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ ይስጡት። ልጆች ሲጣሉ መምህሩ ለብቻ ወስዶ እንዲያናግራቸው ክፍሉን የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እርስዎ ይሁኑ። ያለዚህ ሥልጠናው ሁሉ ወሬ ነው።

የክፍል አለቃው ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን የረባሾች ስም ዝርዝር ያስቀሩ።

ቀጥሎ መምህራኑ እርስ በርስ ጥያቄዎቹን ይለማመዱ፦ ምን ተፈጠረ? ማን ተጎዳ? እንዴት ይካስ? "ለምን መታሃት?" የተባለ ልጅ ወይ ያቀረቅራል ወይ ይዋሻል።

ዋናው ፈተና "በሉ ተሳሳሙ" የምንለው ነገር ነው። አጥፊው "ይቅርታ" ይላል፣ ተበዳይዋ ሳትወድ ጉንጯን ትሰጣለች፣ ጠቡ ግን እረፍት ላይ ይቀጥላል። በሽምግልናችን እኮ ተበዳይ ሳይሰማ፣ ካሳም ሳይቆረጥ እርቅ የለም። ልጆችም ጋ እንደዚያው ነው።

አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ የጓደኛውን ደብተር ቀደደ እንበል። መጀመሪያ ደብተሯ የተቀደደባት ልጅ ትናገር። መምህሩ አያቋርጣት፣ ዝም ብትልም ይጠብቃት። "የአካባቢ ሳይንስ ኖቴ ጠፋብኝ" ካለች ካሳው ታወቀ፤ የተቀደደውን ገጽ እሱ በእጁ ይገልብጥላት፣ መምህሩ አይቶ ይስጣት። ዛሬ መታረቅ ካልፈለገች አትገደድ። ግልበጣው ግን አይቀርም።

ትልቁ ትንሹን ደጋግሞ የሚያስፈራራ ከሆነ ፊት ለፊት አያገናኟቸው። ለየብቻ ያነጋግሯቸው፣ ትንሹንም ከዓይንዎ አያርቁት።

"ወላጅ አምጣ" የሚለውን ልማድ እኔ አልወደውም። ብዙ ልጅ ዱላው ቤት ይጠብቀዋል። ወላጅ መጥራት ግድ ከሆነ መምህሩ ራሱ ደውሎ ልጁ ሊክስ የተስማማበትን ይንገር።

በመጨረሻ መምህሩን አይተዉት። አንድ ቀን ተናዶ ጆሮ ቢቆነጥጥ በስብሰባ ላይ አያሳጡት። ቢሮ ጠርተው እሱንም ምን እንደተፈጠረና ልጁን እንዴት እንደሚክስ ይጠይቁት።